ስፌቱን በማን ጉልበት እንፈትነው?

ባለፈው ወር የማኅበራችን የሕክምናና የምሕንድስና ተማሪዎች በጋራ ባደረጉት የውይይት ምሽት ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የፈጀ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መነሻው አንድ የምሕንድስና ተማሪ ወንድማችን ያቀረበው ጥያቄ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ የተቀደደ የጉልበት ሜኒስከስ የሚሰፋባቸውን ሁለት መንገዶች በላቦራቶሪ ለማወዳደር ማሰቡን ገለጸና «የምፈትነው ሕብረ ሕዋስ የምን ይሁን?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር። ነገር ግን አንዱ «የሰው ካልሆነ ዋጋ የለውም» አለ። ሌላው «በመጽሔቶቹ ሁሉ የሚታየው የአሳማ ነው፤ ከዚያ ከወጣህ ማን ያነብልሃል?» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ተራ የአጥንት ስብራት በወጉ የሚጠግን ሐኪም ባልተዳረሰበት አገር ስለ ሜኒስከስ ስፌት መከራከር ቅንጦት ነው» ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ሰዓቱ ስለመሸም ያለ ስምምነት ተበተንን። በበኩሌ ያን ምሽት ሳልናገር የቀረሁትን ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር። «ቅንጦት ነው» ያለው ወንድማችን ከቅን ልቡና እንደተናገረ አልጠራጠርም። ነገር ግን የማኅበራችን ቡድን የግራ ተከላካይ የነበረውን ጓደኛችንን ከመካከላችን የማያውቀው የለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት ገብቶ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጠመዘዘ፤ ከዚያም ተቆለፈ። የተቀደደው ሜኒስከስ እንደ ባልዲ እጀታ ተገልብጦ ከመገጣጠሚያው መሐል በመግባቱ እግሩን መዘርጋት አቃተው። ያኔ ዕድሜው 22 ነበር። ያዩት ሐኪም ቅዳዱ ከጠርዙ አጠገብ እንደሆነና ሊሰፋ እንደሚችል አልደበቁትም። የሚሰፋበት ዕቃ ግን ከውጭ የሚመጣ፣ ዋጋውም ቤተሰቡ ከሚችለው በላይ ሆነና የተቀደደው ተቆርጦ ወጣለት። አሁን ይራመዳል፤ ኳስ ግን አቁሟል። የመኖሪያ ሕንፃችንን ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን እንደሚይዝ አይታችሁ ይሆናል። ያ ጉልበት ገና አርባ ዓመት መሥራት አለበት።

እንዲህ ያለ ወጣት በአዲስ አበባም፣ በጅማም፣ በመቀሌም አለ፤ ከሞተር ሳይክል የተፈናጠረው፣ ከዛፍ የወደቀው፣ ቁልቁለት ላይ እግሩ የከዳው ገበሬም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው የሀብታም አገር ጥያቄ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። ስፌቱ በርካሽ ክርና በተራ መርፌ ቢሠራ ይይዛል ወይስ አይይዝም? ይህ የእኛ ጥያቄ ነው፤ እኛ ካልጠየቅነው ደግሞ ውዱን ዕቃ የሚሸጠው ኩባንያ አይጠይቅልንም። መልሱን በጓደኛችን ጉልበት ላይ ሞክረን ልናገኘው አንችልምና አስቀድሞ በላቦራቶሪ መፈተን አለበት።

የሕክምና ተማሪ ላልሆናችሁ በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ በእያንዳንዱ ጉልበት ውስጥ፣ በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ካርቲሌጆች አሉ፤ አንዱ በውስጥ ጎን ሌላው በውጭ ጎን። ሜኒስከስ የምንለው እነዚህን ነው። ከክብደታቸው ከመቶ ሰባው እጅና ከዚያም የሚበልጠው ውኃ ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባለው ክር ነው። ክሮቹ እንዲሁ የተዘበራረቁ አይደሉም። አብዛኞቹ የጨረቃዋን ዙሪያ ተከትለው ከፊተኛው ጫፍ እስከ ኋለኛው ጫፍ ይሄዳሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ እነዚያን እያቋረጡ ያያይዟቸዋል። የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ሜኒስከሱ ወደ ውጭ ሊሾልክ ይሻል። ሁለቱ ጫፎቹ ከአጥንት ጋር የታሰሩ በመሆናቸው ግን ዙሪያውን የሚሄዱት ክሮች ተወጥረው ይይዙታል፤ የበርሜል ቀለበት ሳንቃዎቹን አቅፎ እንደሚይዝ ማለት ነው። ይህን የክሮች አካሄድ አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ይህ አካል ሥራ የሌለው የጡንቻ ቅሪት ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር። ቅሪት ከሆነ ቆርጦ መጣል ምን ክፋት አለው? ለብዙ አሥርተ ዓመታትም እንዲሁ ተደረገ። በ1948 እ.ኤ.አ. ፌርባንክ የተባለው እንግሊዛዊ የአጥንት ሐኪም ሜኒስከሳቸው የወጣላቸውን ሰዎች ጉልበት በራጅ ተመልክቶ የመገጣጠሚያው ክፍተት እየጠበበ፣ የጭን አጥንቱ ጫፍ እየተዳጠ፣ በጠርዙም ላይ አጥንት እየበቀለ መሄዱን አሳየ። የሚያስገርመው በኤዲንብራ ከተማ አናንዴል የተባለ ሐኪም የተቀደደ ሜኒስከስ ሰፍቶ የነበረው ገና በ1883 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። ሰፊው እያለ ቆራጩ ነው የተሰማው።

የተቀደደ ሁሉ ግን አይሰፋም። በ1982 እ.ኤ.አ. አርኖችኪና ዋረን የሰውን ሜኒስከስ የደም ሥሮች መርምረው ደም የሚደርሰው በውጨኛው ጠርዝ ብቻ፣ ከስፋቱ በግምት ከመቶ 10 እስከ 30 በሚሆነው ክፍል መሆኑን አሳዩ። ደም በሌለበት ስፌት ቢጠብቅም ቁስሉ መዳኑ ያጠራጥራል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1983 እ.ኤ.አ.፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ቁስሉ እንዴት እንደሚድን የሚያሳይ ሌላ ጥናት አወጡ፤ ይህኛው በውሻ ነበር። በእኔ አስተያየት የዚያን ምሽት ክርክራችን መልስ ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ይገኛል። የደም ሥሩ በሰው ላይ የት ድረስ ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ የሰው ሬሳ መረጡ፤ ቁስሉ ይድናል ወይ ለሚለው ሬሳ ስለማይመልስ ሕይወት ያለው እንስሳ መረጡ። ጥያቄው ሲለወጥ ሕብረ ሕዋሱ ተለወጠ። እኛ ግን ጥያቄያችንን ሳንለይ በግ ወይስ አሳማ እያልን ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። (አርኖችኪ የእንስሳት ሐኪም፣ ዋረን ደግሞ የሰው ሐኪም መሆናቸውን እግረ መንገዴን ልጥቀስ። የእኛ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ያን ምሽት አንድ ሰው እንኳ አልተጋበዙም።)

እንግዲህ የምሕንድስናው ወንድማችን ጥያቄ ምንድን ነው? ቁስሉ ይድናል ወይ የሚል አይደለም። ስፌቱ በተሰፋበት ሰዓት ምን ያህል ይይዛል የሚል ነው። ይህ የሚታወቀው ሜኒስከሱን በቢላዋ ቀዶ፣ ሰፍቶ፣ ሁለቱን ጎኖች ቆንጥጦ በሚስብ የሙከራ መኪና ላይ በማስገባት ነው። መኪናው በመጀመሪያ በትንሽ ኃይል፣ ለምሳሌ ከ5 እስከ 20 ኒውተን፣ መቶዎች ወይም ሺህ ጊዜ እየሳበ ይለቃል፤ በዚህ ጊዜ ቅዳዱ ምን ያህል ሚሊሜትር እንደተከፈተ ይለካል። ከዚያም እስኪበጠስ ድረስ ይስበዋል። አንድ መቶ ኒውተን ማለት አሥር ኪሎ ያህል ዕቃ ሲንጠለጠል የሚስበው ነው ብላችሁ አስቡ። አብዛኞቹ ስፌቶች በዚህ ቁጥር ዙሪያ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ብለው ይለቃሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ነገር አለ። ስፌት በሦስት መንገድ ይለቃል፤ ክሩ ይበጠሳል፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ወይም ክሩ እንደ ቢላዋ ሕብረ ሕዋሱን እየቆረጠ ይወጣል። ክሩ የሚበጠስ ከሆነ የተለካው የክሩ ጥንካሬ ነው፤ ያን ጊዜ ሜኒስከሱ የበግ ሆነ የበሬ ለቁጥሩ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ቋጠሮው ከተንሸራተተም የተለካው የእጃችን ሥራ ነው። ክሩ ሥጋውን ቆርጦ ሲወጣ ግን የተለካው ሕብረ ሕዋሱ ራሱ ነው፤ የሞዴል ምርጫ ሙሉ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ «የእኛ ስፌት ይህን ያህል ኒውተን ያዘ» ሲል ከቁጥሩ በፊት እንዴት እንደለቀቀ መፈለግ ይገባል። ይህን የማይገልጽ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ገጹን ገልብጣችሁ እለፉ፤ ጊዜያችሁን ይቆጥብላችኋል።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። «የሰው ካልሆነ ዋጋ የለውም» ለተባለው፣ ለሰው የሚቀርበው ሰው መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የትኛው ሰው? አካላቸውን ለትምህርት የሚሰጡ ሰዎች አብዛኞቹ በዕድሜ ገፍተው ያረፉ ናቸው። በዚያ ዕድሜ ሜኒስከስ ይሰባበራል፣ ይላላል፣ ውስጡ ይበላል። ስፌት የሚያስፈልገው ግን እንደ ጓደኛችን ያለ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። የአዛውንትን ያረጀ ሜኒስከስ ሰፍቶ ስለ ወጣቱ መናገር «ሰው ከሰው» ስለሆነ ብቻ ትክክል አይሆንም፤ እንዲያውም ጤናማ የበግ ሜኒስከስ ለዚህ ጥያቄ ይበልጥ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። በአናቶሚ ክፍላችን የምናያቸው ሬሳዎች በፎርማሊን የተጠበቁ ናቸው። ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርሳቸው ያቆራኛል፤ ሕብረ ሕዋሱ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። በእንደዚህ ያለ ሜኒስከስ ላይ የሚገኝ የጥንካሬ ቁጥር የፎርማሊኑ ቁጥር ነው። ሳይደርቅ በበረዶ የተቀመጠ የሰው ጉልበት በሀብታም አገሮች በገንዘብ ይገኛል፤ ለእኛ ግን ዋጋው የማይቀመስ ነው። ከዚያም በላይ፣ በሕይወቱ ሳለ ፈቅዶ ያልሰጠን ሰው አካል፣ ወገን ስላልጠየቀው ብቻ፣ ለመሳቢያ መኪና ማቅረብ በበኩሌ የምደግፈው አይደለም።

የሰው ሜኒስከስ ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ግን አምናለሁ። መርፌው ከየት ገብቶ በየት ቢወጣ ከጉልበት በስተኋላ ያለውን ትልቁን የደም ሥርና ነርቭ ሳይነካ ያልፋል? ይህን በግ ሊነግረን አይችልም። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የአናቶሚው ሬሳ፣ በፎርማሊን የደረቀም ቢሆን፣ ይበቃል፤ ርቀት የሚለካው በመስመሪያ ነውና።

ወደ አሳማው እንምጣ። አሳማን ማስቀረት በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ክርክር ከሚስማሙባቸው ጥቂት ጉዳዮች አንዱ ስለሆነ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም ነበር። ባለንበት አገርም ቢሆን አሳማ ወደ ላቦራቶሪ ማስገባት ከፈቃዱም ከአቅርቦቱም አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን አሳማ በመጽሔቶቹ ውስጥ ለምን እንደበዛ ማወቅ ይጠቅማል። ከሰው ጋር ፍጹም ስለሚመሳሰል ነውን? በመጠን የሚቀራረብ መሆኑ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ቄራዎች በየቀኑ በርካሽ መገኘቱ ነው። ይኸው አሳማ ለሥጋ የሚታረደው በስድስት ወሩ ገደማ፣ አጥንቱ አድጎ ሳይጨርስ ነው። በሰውም ቢሆን ሲወለድ ሜኒስከስ ሁሉ ደም የሚደርሰው ሲሆን፣ የአዋቂን መልክ የሚይዘው ወደ አሥር ዓመት ሲጠጋ ነው፤ የጨቅላና የአዋቂ ሕብረ ሕዋስ አንድ አይደለም። እንግዲህ እነሱ አጠገባቸው ያገኙትን ወስደው፣ ጉድለቱን አውቀው፣ ገልጸው ሠሩ። እኛም አጠገባችን ያለውን ወስደን፣ ጉድለቱን አውቀን ብንሠራ የሚያሳፍር ምን አለው? «ከዚያ ከወጣህ ማን ያነብልሃል?» ለሚለው ወንድማችን መልሴ ይህ ነው። አነባበባችን ከምርምር ይልቅ ልማድን ወደ መቅዳት እንዳያመራ እሰጋለሁ።

የበሬ ሜኒስከስም በብዙ ጥናቶች ውስጥ ይገኛል። አንድ ከባድ እክል ግን አለበት፤ ግዙፍ ነው። ለሰው ተብሎ የተሠራ መርፌ፣ ለሰው ውፍረት ተለክቶ የተቆረጠ ማያያዣ በበሬ ሜኒስከስ ውስጥ ሲገባ ከወዲያኛው ጎን ላይደርስ ይችላል። በተጨማሪም አገር ቤት የምናርደው በሬ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ሲያርስ የኖረ ነው፤ ጉልበቱ እንደ አዛውንቱ ጉልበት ያረጀ ነው። ስለ ክርና ቋጠሮ ለመማር፣ እጅን ለማለማመድ ግን ግሩም ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተለማማጆች ሁሉ በበሬ ጉልበት ላይ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።

እኔ የምደግፈው በግን ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የሰውን ሜኒስከስ ከበርካታ እንስሳት ጋር ሲጫኑት በሚያሳየው ጠባይ ያወዳደረ ጥናት በግን ለሰው ከሚቀርቡት አስቀምጦታል። በግ ከዚያ በኋላ በሜኒስከስ ምርምር ውስጥ በብዛት ከሚያገለግሉት እንስሳት አንዱ ሆኗል። ይሁንና ልብ በሉ፤ ያ ጥናት የለካው ሲጫኑት ያለውን ነው፣ ሲስቡት ያለውን አይደለም። የስፌት ሙከራ ደግሞ መሳብ ነው። ስለዚህ «በግ እንደ ሰው ነው» ብሎ በደፈናው መጻፍ አይገባም። የበግ የውጭ ጎን ሜኒስከስ ኋለኛ ጫፉ በዋናነት የሚታሰረው ከጭን አጥንት ጋር እንጂ እንደ ሰው ከቅልጥም አጥንት ጋር አይደለምና የውጩን ትተን በውስጥ ጎኑ እንሥራ። ደግሞም በግ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚቆመው፤ እንደ እኛ ቀጥ አያደርገውም። ሙሉ ጉልበት እያጠፍንና እየዘረጋን የምንሞክር ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሜኒስከሱን ነጥለን የምንስብ ከሆነ ግን ብዙም አያውከንም።

ዕድሜውስ? የአገራችን ነጋዴ የበግን ዕድሜ በጥርሱ ያውቃል። ሁለት ጥርስ ያወጣ ዓመት አልፎታል፤ ሙሉ ጥርስ ያለው ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። ለሙከራችን የሚሻለው ስድስት ጥርስ ወይም ሙሉ ጥርስ ያለው፣ አጥንቱ ማደጉን የጨረሰ ነው። ችግሩ ለገበያ የሚታረደው በአብዛኛው ወጣቱ መሆኑ ነው። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላከው የበግና የፍየል ሥጋ ወጣት እንስሳ ነው፤ እዚህ ሥጋ ቤት ሲደርስ ደግሞ ጭንቅላቱ የለም፣ ጥርስም አይታይም። መላ ግን አለው። የቅልጥሙን አጥንት ከላይ በኩል በመጋዝ ለሁለት ስንሰነጥቀው አጥንቱ ገና እያደገ ከሆነ የካርቲሌጅ መስመር አቋርጦት ይታያል፤ ማደጉን ከጨረሰ መስመሩ የለም። መስመር ያለበትን ለልምምድ እናውለው፣ የሌለበትን ለቁጥር።

ዘሩም ይጻፍ። በመጽሔቶቹ ውስጥ ያለው በግ አብዛኛው የአውሮፓና የአውስትራሊያ ዘር ነው። የመንዝ በግ ከሜሪኖ በአካል ያነሰ ነው፤ የሜኒስከሱ ስፋትና ውፍረት ምን ያህል እንደሆነ ራሳችን በመለኪያ ለክተን ማስቀመጥ አለብን። ይህን ብቻ በንጽሕና ሠርቶ ሠንጠረዥ ያወጣ የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ከእኛ ከሁላችን የሚበልጥ አስተዋጽኦ አደረገ እላለሁ።

ስለ አያያዙ ብዙ አልልም። ሜኒስከሱ ውኃ ነው ብለናል፤ ስለዚህ በጨው ውኃ በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ በሙከራው ሰዓትም ይርጠብ። በዕለቱ የማይፈተን ከሆነ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ አንዴ ይቀዝቅዝ፣ አንዴ ይቅለጥ፤ ደጋግሞ ማቀዝቀዝ አይገባም። የአንዱን በግ ቀኝ ጉልበት ለአንደኛው ስፌት፣ ግራውን ለሁለተኛው ማድረግ ከሁሉ ይበልጣል፤ በጉ ራሱ ከራሱ ጋር ይወዳደራልና የዕድሜና የዘር ልዩነት አያታልለንም። ቀኙ ሁልጊዜ ለአንዱ ዓይነት እንዳይሆን ግን በዕጣ ይለይ።

ቁጥሩን ስናገኝስ ምን እንላለን? እዚህ ላይ የክሮቹን አካሄድ አስታውሱ። ቁመቱን ይዞ የሚወጣና የሚገባ ስፌት ዙሪያውን የሚሄዱትን ክሮች አቅፎ ይይዛል፤ አግድም የተሰፋው ግን ከክሮቹ ጎን ለጎን ስለሚተኛ በመካከላቸው እየሰነጠቀ የመውጣት ዕድሉ ይሰፋል። በ1989 እ.ኤ.አ. ኮንና ሲበርት ስፌቶችን በሰው ሬሳ ላይ አወዳድረዋል፤ ከዚያ ወዲህ በተለያዩ እንስሳት ላይ በተሠሩት ሙከራዎችም በአብዛኛው የቁሙ ስፌት ከአግድሙ በልጧል። ኒውተኑ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ ጊዜ አይለወጥም። እንግዲያው በበግ የተገኘውን ቁጥር «ሰው ይህን ያህል ይችላል» ብለን አንጻፈው፤ «ሀ ከለ ይሻላል» ማለትን ግን በጥንቃቄ ልንደፍር እንችላለን። የወንድማችን ጥያቄ ማወዳደር ስለሆነ በግ ይበቃዋል።

ቢላዋ የቀደደው ጠርዙ የጠራ ነው፤ የኳስ ሜዳ ቅዳድ ግን የተሸራረፈ ነው። ከሁሉም በላይ የሞተ ሜኒስከስ አይድንም። ኪንግ የተባለው ተመራማሪ በ1936 እ.ኤ.አ. በውሾች ላይ ያሳየው ቅዳዱ ደም ካለበት ጠርዝ ጋር ከተገናኘ ሊድን እንደሚችል ነበር፤ ያንን የሚያሳይ የመሳቢያ መኪና የለም። ታዲያ ሕይወት ባለው እንስሳ እንቀጥል? በእኔ አስተያየት አሁን አይሆንም። በግን «ስድስት ሳምንት እግርህን አታሳርፍ» ብለን ልናዝዘው አንችልም፤ በዚያው ቀን ተነሥቶ ይቆምበታል። ጥንቸል ትንሽ ነው፣ አረማመዱም ሆነ ክብደት አጣጣሉ ከእኛ የራቀ ነው። እንስሳውን ከሥቃይ የሚጠብቅ ሐኪም፣ ማደንዘዣና ቦታ ሳይኖረን በሕይወት ያለ ፍጡር ቀዶ መስፋት ለሳይንስም አይጠቅም፣ ለኅሊናም አይመች።

ስለዚህ ለወንድማችን የማቀርብለት ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሁለት ውድ ማያያዣዎችን እርስ በርስ ከማወዳደር ይልቅ አንዱን ማያያዣ ከተራው መንገድ ጋር ያወዳድር። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሰፋው ዘዴ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ለጀርባ ማደንዘዣ የምንጠቀምበት ዓይነት ረጅም መርፌና የቀዶ ሕክምና ክር ይበቃዋል። መርፌው በቆዳ በኩል ቅዳዱን አቋርጦ ይገባል፣ ክሩ በውስጡ ያልፋል፣ ከውጭ ይቋጠራል። ይህ ዕቃ አገር ቤት አለ። እርግጥ ዘዴው ለፊተኛውና ለመካከለኛው ክፍል እንጂ ለኋለኛው ጫፍ አይመችም፤ የውስጥ መመልከቻው መሣሪያም ሆነ የሠለጠነ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በስድስት ጥርስ በግ የውስጥ ጎን ሜኒስከስ ላይ፣ ግራና ቀኝ ተጣምሮ፣ ሺህ ጊዜ ተስቦ፣ ርካሹ ስፌት የውዱን ያህል ቅዳዱን ገጥሞ ከያዘ፣ የጓደኛችንን ዓይነት ወጣት የሚያይ ሐኪም «ዕቃው የለም» ከማለት በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ካልያዘም ማወቃችን ይጠቅማል፤ በርካሽ ሰፍቶ ከሚያፈርስ ስፌት ሰውን እናድናለን።

ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ያለውን ሥጋ ሻጭ ጉልበቱን ሳይቆርጥ እንዲያስቀምጥልን ጠይቄዋለሁ። «ለሾርባ ነው?» አለኝ፤ ለትምህርት ነው ስለው ሳቀና ሐሙስ ሐሙስ እንድመጣ ነገረኝ። ዋጋው ከሥጋው ጋር ሲታሰብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሥጋውንም አንጥለውም። የመጋዙንና የበረዶ ሣጥኑን ጉዳይ ከላቦራቶሪ ኃላፊው ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ከምሕንድስና ተማሪዎች፣ ጥርስና ዘር የሚለይልን አንድ ሰው ከእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች እንፈልጋለን። በአሳማም ሆነ በሰው ሬሳ የሚጸና ወገን ካለ ክርክሩን በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ እስከዚያው ግን ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ በበግ እንጀምራለን።